ሁለተኛው ምልልስ ኪሳራ አይደለም

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል በደጎሎ ከተማ፣ በሞተር ሳይክል ዕቃ ስለ መጫን የቀረበ ንግግር)

ክቡራን የዩኒየኑ የሥራ አመራር ቦርድና የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት፣
ክቡራን የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች፣
ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፣
ክቡራትና ክቡራን፤



በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ትርፍ ክፍፍል፣ ስለ መጋዘን ግንባታና ስለ ገበያ ትስስር መናገር የተለመደ ነው። የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ግን «እርስዎ ዕድሜዎን በሞተር ላይ የፈጁ ሰው ነዎት፤ ስለ እሱ ይንገሩን» ብሎ አዘዘኝ። ጉዳዩ ለአንዳንዶቻችን ትንሽ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ለምን እንዳልናቅሁት በመናገር ልጀምር።

ግብዓት ከደሴ በወረኢሉ በኩል ደጎሎ የሚደርሰው በከባድ መኪና ነው። ከዚህ ወደ መሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን አይሱዙ ይወስደዋል። አይሱዙ ከማይገባበት ቀበሌ ሲደርስ ግን፣ ይልቁንም በክረምት የጃማ ጥቁር አፈር መንገዱን ሲውጠው፣ የሚቀረን አህያ፣ የሰው ትከሻና ሞተር ነው። የሠርቶ ማሳያ ዘር፣ የከብት ክትባት፣ የአዳቃዩ ባለሙያ የናይትሮጂን ዕቃ፣ ፀረ አረም፣ ሚዛን፣ የሒሳብ መዝገብ፣ አንዳንዴም የአባላት ገንዘብ በሞተር ኮርቻ ላይ ይሄዳል። በዚያው ኮርቻ ላይ ደግሞ የሰው ልጅ ተቀምጧል። ዛሬ የምናገረው ስለ ዕቃውም ስለ ሰውየውም ነው።

የደረሰብኝን ልናገር

በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ሐምሌ ሲጋመስ፣ በአንድ የቆላ ቀበሌ ለሠርቶ ማሳያ የሚሆን ግማሽ ኩንታል የጤፍ ምርጥ ዘር ማድረስ ነበረብኝ። ለዚያው ቀበሌ የሚሄድ ሚዛንም ነበር። በተጨማሪ እዚያ የተመደበ አንድ ጓደኛዬ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ መሳፈር ፈለገ። በዚያን ጊዜ የምሠራበት መሥሪያ ቤት የሰጠኝ ቤንዚን ለአንድ ምልልስ ብቻ የሚበቃ ነበር። ሁለት ጊዜ መመላለስ ሲገባኝ ሁሉንም በአንድ ጉዞ ልጨርስ አልኩ።

ከረጢቱን ከኋላ ካለው የዕቃ መጫኛ ብረት ላይ ጫንኩት። ሚዛኑን በላዩ ደረብኩት። ጓደኛዬን በእኔና በጭነቱ መካከል አስቀመጥኩት። ያሰርኩበት የናይለን ሲባጎ ሲሆን፣ የተረፈውን ጫፍ ቆርጬ ሳልጥል ጠቅልዬ ሸጎጥኩት።

ሜዳው ላይ ደህና ተጓዝን። መሪው ብቻ እጄ ላይ ቀለል አለኝ። ያ ማስጠንቀቂያ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። ቁልቁለቱን ስንጀምር ዘሩ በመንገጫገጩ ብዛት ሰክኖ ገመዱ ላላ። ከረጢቱ ወደ ግራ አጋደለ። የተሸጎጠው የገመድ ጫፍ ወርዶ በኋላ ጎማው ሽቦዎች ላይ ተጠመጠመ፤ ጎማውም ደርቆ ቆመ። ሰውም፣ ጭነትም፣ ሞተርም በአንድ ላይ ተዘረርን።

እኔ ተቧጥጬ ተነሣሁ። ጓደኛዬ ግን የጭኑ አጥንት ተሰብሮ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች በቃሬዛ ተሸክመው አቀበቱን ሲያወጡት ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ዛሬም ሲራመድ ያነክሳል።

ድንጋጤ ይዞኝ ኖሮ፣ እኔ ደግሞ ጎንበስ ብዬ ጤፉን ከጭቃው ልለቅም ስታገል አንድ አዛውንት እጄን ያዙኝ። «አብሽር ልጄ፣ ተወው» አሉኝ። «አህያ ብትሆን ኖሮ ይህን ያህል ስትጭናት አልሄድም ብላ ትቆም ነበር። ይኼ ብረት አፍ የለውም። ስለ እሱ የምትናገርለት አንተ ነህ።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ጤፍ ከጭቃ እንደማይለቀም ያን ቀን አየሁ። የጓደኛዬም እግር እንደ ቀድሞው አልሆነም። ያን ሁሉ ያመጣሁት ጥቂት ሊትር ቤንዚን ለመቆጠብ ብዬ ነው።

ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት ከመካኒኮች፣ ከሞተር መመሪያ መጻሕፍትና ከነጋዴዎች የተማርኩትን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ጭነቱ ስንት ኪሎ ነው?

ለእያንዳንዱ ሞተር ፋብሪካው የወሰነለት የጭነት ጣሪያ አለ። በመመሪያ መጽሐፉ ይገኛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህ ቁጥር የዕቃውን ክብደት ብቻ የሚመለከት እየመሰለው ነው። ቁጥሩ ነጂውን፣ ተሳፋሪውን፣ ልብሱን፣ ሄልሜቱን፣ በኋላ ላይ ያስበየድነውን ብረት ጭምር ያጠቃልላል።

እስቲ እናስላው። የአንድ ሞተር ጣሪያ 150 ኪሎ ነው እንበል። ነጂው 65 ኪሎ ይመዝናል። ጫማው፣ ካፖርቱ፣ ሄልሜቱ፣ መፍቻውና የጎማ መንፊያው 10 ኪሎ ይሆናሉ። 75 ኪሎ ቀረን። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከኋላ ከተሳፈረ የቀረው 15 ኪሎ ብቻ ነው። እንግዲህ ተሳፋሪ ይዞ ግማሽ ኩንታል መጫን በሒሳብም አይሆንም። እኔ ያን ቀን ከጣሪያው በላይ ጭኜ እንደነበር ያወቅሁት ከወደቅሁ በኋላ ቁጭ ብዬ ስደምር ነው።

ጀሪካንም ያታልላል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ፣ ናፍጣ ሲሞላ 17 ኪሎ ገደማ ነው። ማር ከሆነ ግን ወደ 28 ኪሎ ይጠጋል። ዕቃው አንድ ስለሆነ ክብደቱም አንድ አይደለም። እኛ የማኅበር ሰዎች ነን፤ ሚዛን በጃችን ነው። የገበሬውን እህል በግምት እንደማንቀበል ሁሉ የሞተሩንም ጭነት በግምት ልናሰናብተው አይገባም።

ሁለተኛ፦ የት ላይ ይቀመጥ?

አባቶቻችን ሲራራ ነጋዴዎች በቅሎና አህያ ሲጭኑ ሦስት ነገር ይጠብቁ ነበር። ጭነቱ ግራና ቀኙ እኩል ይሆናል፣ ከጀርባ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፣ ወደ ወገብ አይሸሽም። ይህን ያልጠበቀ ነጋዴ ጀርባው የተገጠበ አጋሰስ ይዞ መንገድ ላይ ይቀራል። የሞተርም ሕግ ይኸው ነው።

ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ነጂው ተጠግቶ ይቀመጥ። ተሳፋሪ ከሌለ ከረጢቱ ከኋላው ብረት ይልቅ በኮርቻው ላይ ቢጋደም ይሻላል። ከኋላ ጎማው መካከል አልፎ ወደ ኋላ የተንጠለጠለ ክብደት የፊቱን ጎማ ያነሣዋል። መሪው የሚቀለው ለዚህ ነው። መሪ ቀለለ ማለት የፊት ጎማ መሬቱን በሚገባ አልያዘም ማለት ነው። አቀበት ላይ ደግሞ ጨርሶ ሊነሣ ይችላል።

ግማሽ ኩንታሉን በሁለት ባለ 25 ኪሎ ከረጢት ከፍሎ እንደ ስልቻ ግራና ቀኝ ማንጠልጠል ጥሩ ዘዴ ነው። ሆኖም ከረጢቱ ማርሚታውን እንዳይነካ ማየት ያስፈልጋል። የማዳበሪያ ጆንያ የጋለ ማርሚታ ሲነካ ወዲያው ይቀልጣል። ካቴናውንና ጎማውንም እንዳይነካ፣ የኋላውን መብራትና የመታጠፊያ ምልክቱን እንዳይጋርድ፣ ወርዱም ከመሪው እንዳይሰፋ እንጠንቀቅ።

እንደ ያማሃ ኤጂ ያሉት ለእርሻ ሥራ ታስበው የተሠሩ ሞተሮች ከፊትም ከኋላም መጫኛ ብረት አላቸው። የፊተኛው ለቀላል ዕቃ ብቻ ነው። እዚያ ላይ የተቆለለ ክብደት መሪውን ያስቸግራል።

ከባድ ዕቃ በጀርባ አዝሎ መንዳትም አይመከርም። ትከሻን ያዝላል፣ ክብደቱን ወደ ላይ ያወጣዋል፣ ሲወድቁም አከርካሪን ይጎዳል። ተሳፋሪው በእጁ ጀሪካን ይዞ መቀመጡ ከዚህም የባሰ ነው፤ ሁለት እጁ የተያዘ ሰው በምን ይደገፋል?

ሦስተኛ፦ በምን ይታሰር?

ያረጀ ካላማዳሪያ በጥብጣብ ቆርጦ ማሰር በሁላችንም ዘንድ የተለመደ ነው። ለቀላል ዕቃ መልካም ነው። ነገር ግን ላስቲክ ይለጠጣል። መንገድ ሲያነጥር ጭነቱም አብሮ ይዘላል። ስለዚህ ዋናው ማሰሪያ የማይለጠጥ ጠንካራ ገመድ ወይም መቆለፊያ ያለው የጭነት ቀበቶ ይሁን። ካላማዳሪያው በላዩ ላይ ለማጥበቂያ ይጨመር።

ገመዱ የሚታሰረው ከሞተሩ ዋና ብረት ጋር ነው። ከፓራፋንጎ፣ ከመብራት ወይም ከሚንቀሳቀስ ክፍል ጋር መታሰር የለበትም። የተረፈውን ጫፍ ቆርጣችሁ ጣሉት ወይም ደጋግማችሁ ቋጥሩት። መሸጎጥ ማሰር አይደለም። ይህን የምለው በጓደኛዬ እግር የተማርኩት ስለሆነ ነው።

ታስሮ ሲያበቃ ጭነቱን በእጅ ገፋ አድርጎ መፈተን ይበጃል። ሞተሩ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ቋጠሮው ደህና ነው። ጭነቱ ብቻውን ከተንቀሳቀሰ ተፈትቶ እንደገና ይታሰር። አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ወርዶ ማየት፣ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊትም እንደገና ማየት ግዴታ መሆን አለበት። እህል መንገድ ላይ ይሰክናል። ጠዋት የጠበቀ ገመድ ረፋድ ላይ ይላላል።

አራተኛ፦ እንዴት ይነዳ?

ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በአራት እጥፍ ይጨምራል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ቢዘገይ፣ በዚያች ሴኮንድ ብቻ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ጭነት ሲጨመርበት ፍሬኑ የበለጠ ይደክማል። ስለዚህ ጭነት ያለው ነጂ ከወትሮው ቀደም ብሎ ይዘጋጅ።

ቁልቁለት ላይ ከመውረዳችን በፊት ዝቅተኛ ማርሽ እናስገባ። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ሞተር አጥፍቶ ወይም ፍሪሲዮን ይዞ መውረድ ትልቅ ስሕተት ነው። ያን ጊዜ ክብደቱን ሁሉ የሚይዘው ፍሬን ብቻ ይሆናል። ፍሬን ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲያዝ ይግላል፤ ሲግል ኃይሉ ይቀንሳል። የፊቱንና የኋላውን ፍሬን በአንድነት፣ ቀስ አድርጎ መያዝ ነው የሚሻለው።

የእኛ ዋልካ አፈር የራሱ ጠባይ አለው። ሲረጥብ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ተጠቅጥቆ ጎማውን ያቆመዋል። ስለዚህ በየጊዜው ቆሞ በእንጨት መጥረግ ያስፈልጋል። ሲያቆሙም የጎን መቆሚያው ለስላሳ አፈር ውስጥ እየሰጠመ የተጫነ ሞተር ይገለብጣል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሥሩ ማድረግ መፍትሔ ነው። መንገዱ ጨርሶ ካልሆነ ግን አወራርዶ በአህያ ማስጫን ሽንፈት አይደለም።

አምስተኛ፦ ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ጭነቶች

ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ከዘር፣ ከምግብና ከእንስሳት መኖ ጋር በአንድ ከረጢት አይጫኑም። ዕቃው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ገብቶ ይሂድ። ቢፈስ ባልዲው ይይዘዋል።

አዳቃይ ባለሙያዎች የሚይዙት ፈሳሽ ናይትሮጂን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ ነገር ነው። ቆዳ ሲነካ እንደ እሳት ያቃጥላል። ክዳኑ ጋዙን ለማስወጣት ሲባል ጥብቅ ተደርጎ አይዘጋም። ስለዚህ ዕቃው ሳይጋደም፣ በሚያቅፈው ማቀፊያ ውስጥ ቆሞ ይታሰር። ክዳኑ አይፈስም ብሎ በላስቲክ መጠፈር ሊያፈነዳው ይችላል።

ግማሽ ድረስ ብቻ የተሞላ ጀሪካን በየኩርባው እየተንቦጫረቀ ሞተሩን ይጎትታል። ከተቻለ መጠኑን በትናንሽ ዕቃ ሞልቶ መያዝ ይመረጣል። በግ ወይም ፍየል አስሮ መጫንም እንዲሁ ነው። የሚፈራገጥ ጭነት ነጂው ባላሰበበት ሰዓት ሚዛን ያስታል። ለእንስሳውም ሥቃይ ነው።

ስድስተኛ፦ ከመነሣታችን በፊት

ጭነት ሲኖር የኋላ ጎማ ከወትሮው የበለጠ ንፋስ ይፈልጋል። ልኩ በመመሪያው ተጽፏል። ጎማው ሳይግል፣ ከመነሣታችን በፊት ጎሚስታ ጋ እናስለካ። ጭነት የኋላውን ሞላ ስለሚያስቀምጠው የካቴናው ውጥረት ይለወጣል፤ የፊት መብራቱም ቀና ብሎ የመጪውን ዓይን ይወጋል። ሁለቱም ይታዩ። ፍሬን፣ ዘይት፣ የጎማ ሽቦዎችና የመጫኛው ብረት ብየዳም እንዲሁ።

ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ራይደርስ ፎር ሄልዝ የተባለው ድርጅት እንደ ሌሶቶ፣ ጋምቢያና ዚምባብዌ ባሉ አገሮች ለጤና ሠራተኞች ሞተር ሲያቀርብ ሥራውን የመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። ሞተሩ እስኪበላሽ አይጠበቅም፤ ነጂው በየቀኑ ይፈትሸዋል፤ ዕቃውም ጊዜው ሲደርስ ይለወጣል።

ስለ ሄልሜት ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሞ የወጣ የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ፣ ሄልሜት ማድረግ አደጋ በደረሰባቸው ሞተረኞች ላይ የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ተሳፋሪም ሰው ነው። ስለዚህ ሄልሜቱ ሁለት ይሁን።

ሰባተኛ፦ የአመራሩ ድርሻ

እስካሁን የተናገርኩት ለነጂው ነው። አሁን ወደ ክቡራን የቦርድ አባላት እመለሳለሁ፤ ዋናው ነገሬ ይህ ነውና።

ሞተረኛ ሲወድቅ የምናወራው ስለ እሱ ጥድፊያ ነው። ይህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው። ነጂው ከልክ በላይ የሚጭነው ልቡ ደንድኖ አይደለም። ለሁለት ምልልስ የሚሆን ሥራ ሰጥተን የአንድ ምልልስ ቤንዚን ስለምንቆርጥለት ነው። ሰነዱ ላይ ቁጠባ የሚመስለው ነገር መንገድ ላይ የሰው አጥንት ይሆናል። የተሰበረ ሞተር ማሠሪያ፣ የፈሰሰ ዘር፣ ያለፈ የዘር ወቅት፣ የባለሙያ ሕክምና፣ የቤተሰቡ ችግር ሲደመር ከጥቂት ሊትር ቤንዚን ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በመሆኑም የሚከተሉትን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. በእያንዳንዱ ሞተር ላይ የጭነት ጣሪያው በቀለም በጉልህ ይጻፍ፤ ወጪ የሚያደርገው ንብረት ክፍልም ዕቃውን መዝኖ ያስረክብ።

2. የነዳጅ ድልድሉ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በሚጓጓዘው ክብደትም ይሠራ። ጭነቱ ሁለት ምልልስ ከጠየቀ የሁለት ምልልስ ይፈቀድ።

3. ሞተር ሲገዛ ሁለት ሄልሜት፣ የጭነት ቀበቶ፣ ጠንካራ ጫማና የጎማ መንፊያ አብረው ይገዙ።

4. «ይህን አልጭንም» ያለ ነጂ ምክንያቱ ይሰማ እንጂ በዚያ ብቻ አይወቀስ። አፍ የሌለውን ብረት ወክሎ የሚናገረው እሱ ነው።

5. ለሞተር የማይሆን ጭነት የአባላትን አህያና ጋሪ በክፍያ በመከራየት ይጓጓዝ። ገንዘቡ ከማኅበሩ ወጥቶ ወደ አባሉ ቤት ይገባል፤ የትም አልሄደም።

ክቡራትና ክቡራን፤

ኅብረት ሥራ ማለት አንዱ ብቻውን የማይችለውን ሸክም ተከፋፍሎ መሸከም ነው። የአንድ ዓመት ጭነት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አናደርግም። የሁለት ጉዞንም ጭነት በአንድ ሞተር ጀርባ ላይ ልናደርግ አይገባንም።

ያ ያልኳችሁ ጓደኛዬ በሕይወት አለ፤ ዛሬም በዚህ አዳራሽ ከመካከላችሁ ተቀምጧል። ታሪኩን ለመናገር ፈቃዱን ስጠይቀው «ንገራቸው፤ የቤንዚኑን ነገር ግን አትርሳ» ነበር ያለኝ። ይኸው አልረሳሁም።